ሣር ወይስ ጠጠር? በጳጉሜ ተሳቢ ቤት ይዞ አዲስ አበባ መሃል ማደር

ክረምት ላይ አዲስ አበባ መሃል ተሳቢ ቤት፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተውን ካራቫን፣ የምታቆሙ ከሆነ፣ ሣሩ ምንም ያህል ቢያምር ጠጠሩን ምረጡ። ይህን የምለው ጳጉሜ ላይ ከሐዋሳ ተነስተን፣ አዲስ ዓመትን ከተማው መሃል አክብረን ከተመለስን በኋላ ነው።

ተሳቢ ቤቱ የእህቴ ባል ንብረት ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ጀርመናውያን ገዛው። በፒክአፕ እንጎትተዋለን። መንዳቱም ማቆሙም የእኔ ድርሻ ስለሆነ የማደሪያ ቦታ ስመርጥ በጣም እጠነቀቃለሁ። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ቤት በሁለት ጎማ ብቻ ነው መሬቱን የሚረግጠው።

የመንገዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፈጣን መንገዱ ላይ መጎተት ደስ ይላል። የሚያስቸግረው ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ነው። ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ጎተራ እያላችሁ የቀላል ባቡሩን ሐዲድ ተከትላችሁ ነው የምትገቡት። ሚኒባሶቹ ከፊታችሁ ጥልቅ ይላሉ። ከተቻለ እሁድ በማለዳ ግቡ።

ያረፍንበት ግቢ ከላጋሀር ብዙ አይርቅም። በ1929 እ.ኤ.አ. የተሠራው የድሮው የባቡር ጣቢያ ያለበት ሰፈር ነው። ግቢው ሁለት ዓይነት ማቆሚያ አለው። በግራ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ለምለም ሣር፣ ጥግ ጥጉን ዛፍ። በቀኝ በኩል ገረጋንቲ ተደልድሎ፣ በሮለር ተጠቅጥቆ፣ ከላይ ጠጠር የለበሰ ቦታ። እህቴ ሣሩን ገና ከበሩ ስታየው ልቧ ሄደ። «በዓሉን እዚህ ላይ ቡና አፍልተን!» አለች። እውነቷን ነው። እንቁጣጣሽን ቄጠማ ጎዝጉዘን ለምናከብር ሰዎች እንዲህ ያለ ሣር ተዘጋጅቶ መጠበቁ ትልቅ ነገር ነው።

ዘበኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ጠጋ አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሣሩ ላይ ብናቆም ይይዘናል?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ለመቀመጥ ከሆነ ሣሩ ጥሩ ነው። ከሥሩ ግን ዋልካ ነው። ሐምሌን ሙሉ ጠጥቷል።»

አንድ የድንኳን ካስማ አወጣሁና ሣሩ መሃል ላይ ተክዬ በእግሬ ተጫንኩት። መዶሻ አልፈለገም፤ እስከ አንገቱ ገባ። ስነቅለው ጥቁር ጭቃ ተጠቅልሎበት ወጣ። ከጭቃው ቆንጠር አድርጌ በሁለት ጣቴ አሸሁት። አልፈረሰም። ተድቦልቡሎ፣ እንደገና ስጫነው እንደ ክር ተሳበ። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ጎማ አይቆምም። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ሞከርኩ። ካስማው ሁለት ጣት ያህል እንኳን ሳይገባ ተጣመመ። ጉዳዩ በዚሁ አለቀ።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ጥቁር አፈሯን ያውቃል። ዋልካ የሸክላነት ጠባዩ የበዛ አፈር ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤት የሚሠሩ ሰዎች ጥቁሩን አፈር ቆፍረው አውጥተው ሰሌክት በሚሉት የተመረጠ ሙሌት የሚተኩት ለዚህ ነው። ተሳቢ ቤት ደግሞ መሠረት የለውም። የእሱ መሠረት ያቆማችሁበት መሬት ነው። ሣሩ ከላይ ስለሸፈነው ጠንካራ ይመስላል፤ በእግር ስትሄዱበትም ያው ነው። ጎማ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሲያድር ግን ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሌሊት ዝናብ ከጨመረበት ጠዋት ላይ ቤቱ ወደ አንድ ጎን ዘሞ ታገኙታላችሁ።

በማግስቱ ልጆቹን ይዤ ጃንሜዳ ስሄድ ይኸው ነገር ትዝ አለኝ። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር። ክረምቱ መጣ፣ የጫኑ አይሱዙዎች ተመላለሱ፣ ሜዳው ጭቃ ሆነ። ለ2013 ጥምቀት ሲባል ገበያው ተነስቶ ሜዳው መጽዳት ነበረበት። ታቦታት የሚያድሩበትን፣ ሯጮች የሚለማመዱበትን ሜዳ አንድ ክረምት ምን እንዳደረገው ላየ ሰው፣ እርጥብ ሣር ላይ ከባድ ነገር ማቆም ሣሩንም መበደል ነው። እኔ ይሄ ያሳስበኛል። ከተማው መሃል የቀረው ሣር ብዙ አይደለም።

ጠጠሩም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ የውሃው መንገድ። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ ታች የተዘረጋች ናትና ጎርፉ ሁሉ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጠጠሩ ላይ ደቃቁ ታጥቦ ትልልቁ ብቻ የቀረበት መስመር ካያችሁ፣ ውሃው በዚያ ነው የሚያልፈው። ከመስመሩ ራቅ ብዬ፣ ከፍ ባለው ጫፍ ላይ አቆምኩ።

ቀጥሎ ውሃ ልክ። በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። የግራው ጎን ዝቅ ብሎ ነበር። የግራውን ጎማ ጣውላ ላይ አወጣሁት፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ታኮ አደረግሁ። የፊቱና የኋላው ሚዛን ከፊት ባለችው ትንሽ ጎማ ይስተካከላል። አራቱን የማዕዘን እግሮች ያወረድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው እግሮቹን እንደ ክሪክ ቤቱን ማንሻ ሊያደርጋቸው ይሞክራል። እነሱ ቤቱ እንዳይወዛወዝ የሚይዙ ብቻ ናቸው። ቤቱን ካነሳችሁባቸው ይጣመማሉ። መስተካከሉ ለእንቅልፍ ብቻም አይደለም፤ በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ከተዘነበለ በደንብ አያቀዘቅዝም።

ከቤቱ ጎን የሚወጠረው የጥላ ሸራስ? ካስማ የማይገባበት ቦታ ላይ ሸራ መወጠር ከባድ ነው። ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች ውሃ ሞልተን የሸራውን ገመድ እጀታቸው ላይ አሰርን። እያንዳንዱ ሃያ ኪሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ሲወርድ ሸራው ንቅንቅ አላለም። ጣሪያው ላይ ግን የበረዶው ድምፅ ጆሮ ያደነቁር ነበር፤ ልጆቹ በጩኸት ነበር የሚያወሩት።

አሁን ወደ እህቴ ቡና ልምጣ። የአውሮፓ ተሳቢ ቤቶች በራቸው በቀኝ ነው፤ የእንግሊዞቹ በግራ። የኛ ጀርመን ሠራሽ ስለሆነ በሩ በቀኝ ነው። ስለዚህ ጠጠሩና ሣሩ የሚገናኙበት ድንበር ላይ፣ በሩ ወደ ሣሩ እንዲዞር አድርጌ አስገባሁት። ጎማው ጠጠር ላይ፣ ደረጃው ሣሩ ላይ። ረከቦቱ ሣሩ ላይ ተዘረጋ፣ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሮጡ። የመሬት ምንጣፉን ማታ ማታ እናነሳው ነበር፤ ሣር ተሸፍኖ ከዋለና ካደረ ይገረጣል። ሁለት ዓይነት ማቆሚያ ያለው ግቢ ካገኛችሁ ይህን ድንበር ፈልጉ። ከሁለቱም የምታገኙት እዚያ ነው።

እንግሊዝ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን በስልክ ስነግራት ደስ አላት። እዚያ ቦታ ስትይዝ ሣር ወይስ ጠጠር ብለው አስቀድመው ይጠይቋታል። ክረምታቸው ሲገባ የሣሩን ቦታ የሚዘጉ አሉ። በሁለት ተሳቢ ቤቶች መካከልም ለእሳት አደጋ ሲባል 6 ሜትር ክፍተት ይተዋሉ። እኛ አገር ይህን የሚለካ የለም። እኔ ግን በእርምጃዬ ለካሁት፣ በጋዝ የምናበስል ሰዎች ነንና።

በበዓሉ ዋዜማ አንድ ነጭ ቫን መጣ። ከሞያሌ በኩል የገቡ ባልና ሚስት ናቸው። ዘበኛው ቢመክሯቸውም ዛፉን ወደዱትና ሣሩ ላይ ቆሙ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። የእንቁጣጣሽ ጠዋት ሊወጡ ሲሉ የፊት ጎማዎቹ ባዶ ይሽከረከሩ ጀመር። መኪናው የሚነዳው በፊት ጎማው ነው፤ ጭነቱ ያለው ከኋላ ነው። ነዳጅ በረገጡ ቁጥር ጎማው እየቆፈረ ገባ።

«ያቁሙት፣ ያቁሙት!» አሉ ዘበኛው እጃቸውን እያወዛወዙ።

በአካፋ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ ጠረግን። የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስን። ጣውላዎቻችንን ከፊት ጎማዎቹ ሥር አስገባን። ፒክአፑን ጠጠሩ ላይ አቁሜ ገመዱን ጋንቾው ላይ አሰርኩ። ሰውየው በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እንዲለቅ ነገርኩት፤ አንደኛው ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማውን ያሽከረክረዋል። በእርጋታ ስብ ሳደርገው ወጣ። ሣሩ ላይ የቀረው ቦይ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። እህቴ ቡናና ዳቦ ይዛ መጣች፣ በዓሉን አብረውን ዋሉ።

የግቢው ባለቤት እትዬ ቦዩን አይተው አዘኑ። በዚያው ቀን ከዛፉ ሥር አንድ መኪና የሚያስቆም ያህል ገረጋንቲ ለማስደልደል ወሰኑ። ሌላውን ሣር ለመቀመጫ ሊተዉት ነው። እኔ ደግሞ ለገና እንመለሳለን ብያቸዋለሁ። ያኔ ዋልካው ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ጠጠሩ በተራው አቧራና ሙቀት ይዞ ይመጣል። ካስማዬ ሣሩ ውስጥ በመዶሻ ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ ስንጥቅ የሌለበትን ቦታ መርጬ ሣሩ ላይ አቆማለሁ።