ናፍጣ የጠገበ ማስኬሪና

ጥቅምት፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ማስኬሪናውን፣ ከራዲያተሩ ፊት የሚገባውን የመኪናችንን ፍርግርግ፣ ገጠምነው። ብሎኖቹን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ አባዬ ካቻቢቴውን ያቀብለኛል። ክረምቱን በሙሉ ፒያሳ ግቢያችን ውስጥ ራዲያተሯ እየታየ ሸራ ለብሳ የቆመችው ፊያት ዛሬ ፊቷ ተመለሰላት። ሁለት ጊዜ ቀብቼው ሁለቴም ስለከዳኝ፣ ሦስተኛውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ፊያት 124 ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. ወጥታ በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ታናሽ እህቷን ያውቃታል፤ ሶቭየቶች ከ1970 ጀምሮ የሠሯት የመጀመሪያዋ ላዳ ከዚችው የተቀዳች ናት። አባዬ ከገዛት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት የማይቀር ልማድ ነበረው። አጥቧት ሲያበቃ ጨርቅ ናፍጣ ነክሮ ፓራውልቱን፣ ጎማውን፣ ማስኬሪናውን ይወለውላል። ጉልበቱ ሲደክም ጨርቁን እኔ ተረከብኩ፤ እንዲያውም በናፍጣው ላይ የዳሽቦርድ ማብረቂያ ስፕሬይ ጨመርኩበት።

ማስኬሪናው ግን እያረጀ ሄዶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣ። ማግኔት ባስጠጋ አልያዘም፤ አሉሚኒየም ነው። ሐምሌ ላይ ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ በሳሙና አጠብኩት፣ ለብረት የሚሸጠውን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባሁት፣ ከላይ ብርማ ስፕሬይ። በሁለተኛው ሳምንት ጥግ ላይ በጥፍሬ ብነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ቀለሙ ነው ብዬ ውድ የሚባለውን ገዛሁ። እሱ ደግሞ ገና እርጥብ እያለ እየሸሸ ክብ ክብ ቀዳዳ ከፈተ፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ባዶው ብረት ይታያል። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ለአባዬ አልነገርኩትም።

መስከረም ላይ ተክለሃይማኖት አካባቢ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ዘንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ምን ቀለም ተጠቀምሽ ብለው አልጠየቁኝም።

«በምንድነው የምትወለውሉት?» አሉኝ።

«በናፍጣ፣ ጋሼ።»

አንድ ኩባያ ውሃ አንስተው፣ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱ። ውሃው ተሰብስቦ ዶቃ ዶቃ ሆነና ተንከባለለ። «አየሽ ልጄ፣ ውሃውን ካባረረ ቀለሙንም ያባርራል።»

ይህን ሁሉ ዓመት የወደድናት በዚያ ጨርቅ ነበር። ናፍጣው የቅባት ስስ ሽፋን እየተወ፣ እኔ የጨመርኩት ማብረቂያ ደግሞ ሲሊኮኑን እያስቀመጠ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ ላይ ተደራርቦ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስለ አባዬ እጆች ሳስብ ቆየሁ።

ትልቁ ስህተቴ ቅደም ተከተሉ ነበር። እኔ መጀመሪያ አሽቼ ኋላ አጠብኩ፤ እንዲያ ሲሆን ወረቀቱ ቅባቱን በየጭረቱ ውስጥ እየቀበረው ይሄዳል። መታጠብ ያለበት ቀድሞ ነው። አሮጌውን ቀለም በሙሉ አንስቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ከዚያ ቅባት ማስለቀቂያ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ፦ በአንዱ ማርጠብ፣ ሳይደርቅ በሌላው መጥረግ። ፈሳሹ እዚያው ከደረቀ ቅባቱም ተመልሶ እዚያው ይተኛል። ጨርቁ ሦስት ጊዜ ጠቁሮ ወጣ። በአራተኛው ውሃ ባፈስበት እንደ መስታወት ተዘርግቶ ቆመ፤ አንድም ዶቃ የለም።

ማሸቱ ከማለዳው ጀምሮ ሁለት ሰዓት ያህል በላ። 320 ቁጥር ወረቀት በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልዬ በያንዳንዱ ዘንግ መካከል፣ በተለይ ጣት በማይደርስባቸው ማዕዘኖች። የመጀመሪያው ቀለም መላጥ የጀመረው ከእነዚያ ማዕዘኖች ነበር። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከቀረ ሥራው አላለቀም፤ ሁሉም ደብዛዛ ግራጫ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፣ የጣትም ወዝ ቅባት ነው። እንደገና አጽድቼ በሽቦ አንጠለጠልኩት።

ሌላው ያላወቅኩት የአሉሚኒየምን ጠባይ ነው። የተፋቀ አሉሚኒየም አየር እንዳገኘው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ይለብሳል፣ ሲቆይም ይወፍራል። ስለዚህ አሽቶ ለነገ ማሳደር የለም። የመጀመሪያው ልባስም ተራው የብረት ቀለም አይሆንም፤ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት፣ ብረቱን በጥቂቱ እየበላ የሚነክሰው ፕራይመር ነው። እሱንም ጋሼ እንዳሉኝ እንደ ጭጋግ አሳስቼ ረጨሁት፤ ሲወፍር አቅሙን ያጣል። ጭምብል አድርጌ፣ ደጅ ላይ፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ የጥቅምት ፀሐይ ብረቱን ካሞቀው በኋላ። ሐምሌ ላይ የቀባሁት እርጥበት ባዘለ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ነበር፤ ያም ሳይጎዳኝ አልቀረም።

ብርማውን በሦስት ስስ ዙር፣ በየመሀሉ ሩብ ሰዓት ያህል እየጠበቅኩ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በበጋው ደረቅ አየር ቲነሩ ቶሎ ይተናል፣ ከሩቅ ከረጩት ቀለሙ መንገድ ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል። ስለዚህ ጠጋ ብዬ፣ እጄን ሳላቆም።

ሳምንት ከቆየ በኋላ በጀርባው፣ በማይታየው በኩል፣ በምላጭ መረብ የመሰለ ጭረት ጫርኩበት። ፕላስተር ለጥፌ ጫን ጫን አደረግኩና አንዴ ሳብኩት። ፕላስተሩን ወደ ብርሃን ይዤ አገላበጥኩት። ምንም ይዞ አልመጣም።

ዛሬ ገጥመን እንደጨረስን አባዬ ወደ ቤት ገባ አለ። ሲመለስ ያቺ ጨርቅ በእጁ ናት፣ ናፍጣው ይሸታል። ቅዳሜ ነዋ። ቀለሙ ውስጡ እስኪደርቅ ወር ያህል ምንም እንደማይነካው፣ ከዚያም በኋላ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ማስኬሪናውን ቆሞ አየው። ከዚያ ዞሮ ጎንበስ አለና ጎማዎቹን መወልወል ጀመረ፤ እኔም ሌላ ጨርቅ አምጥቼ በግራ በኩል ካለው ጀመርኩ።