ከነጥብ በኋላ ያለሁት እኔ ነኝ

የመሥሪያ ቤታችን የጉዞ አስተባባሪ ደግ ሰው ነው። ታታሪም ነው። ችግሩ ካልኩሌተር ላይ ያለው እምነት ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ከወጣ ለእሱ ጉዳዩ አለቀ።

እኛ 128 ሠራተኞች ነን። አንድ አውቶቡስ 24 ሰው ይይዛል። አስተባባሪያችን 128ን ለ24 አካፈለና 5.3333 አገኘ። «ከነጥብ በኋላ ያለው ከግማሽ በታች ስለሆነ ይጣላል» ብሎ አምስት አውቶቡስ አዘዘ። ቅዳሜ ጠዋት አምስቱም ጢም ብለው ሞሉና ሄዱ። የተጣልነው መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን አውለበለብን።

ትንሽ ቆይቶ ስልክ ደወለ። «ስንት ናችሁ?»

ሰው መቁጠር ቀላል ነበር። ግን አብሮን የቀረው የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ጣልቃ ገባ። «መቁጠር አያስፈልግም፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን በ24 ማባዛት ነው» አለና 0.3333ን በ24 አባዛ። 7.9992 መጣ። እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን አንዱ በ0.0008 ጎድሏል ማለት ነው። ጥርጣሬው በዚያው ጠዋት ፀጉሩን ተስተካክሎ በመጣው ባልደረባችን ላይ አረፈ።

እኔ ወረቀት አወጣሁና ልጆች ሳለን የተማርነውን ረጅሙን ማካፈል ሠራሁ። 12 ለ24 አይደርስም፤ ስለዚህ 128ን እንወስዳለን። 128 ውስጥ 24 አምስት ጊዜ አለ። አምስት ጊዜ 24፣ 120። ከ128 ላይ 120 ሲቀነስ 8። ድርሻው 5፣ ቀሪው 8። ቀና ብዬ ቆጠርኩ። ስምንት ነን። ፀጉሩን የተስተካከለው በነፃ ተሰናበተ።

ይሄ ስህተት የኛ ሰው ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለ13 ዓመት ልጆች የቀረበ አንድ ታዋቂ ጥያቄ አለ። 1,128 ወታደሮች አሉ፤ አንድ አውቶቡስ 36 ይይዛል፤ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? 70 በመቶ ያህሉ ማካፈሉን በትክክል ሠርተውታል። 32 ብለው የመለሱት ግን 23 በመቶ ብቻ ናቸው። 29 በመቶዎቹ «31፣ ቀሪ 12» ብለው ጻፉ። እስቲ አስቡት፤ ቀሪ 12 የሚባል አውቶቡስ ከየት ይከራያል? 18 በመቶዎቹ ደግሞ 31 ብለው 12 ወታደር ሜዳ ላይ ትተው ሄዱ። አስተባባሪያችን የእነዚህ ወገን ነው።

አንዱ አውቶቡስ ተመልሶ ሲወስደን ወረቀቴን ለአስተባባሪያችን አሳየሁት። «ወንድሜ፣ ሰው ነጥብ ስለሌለው አይጣልም። እዚህ ጋ ቀሪ ካለ አንድ አውቶቡስ ትጨምራለህ» አልኩት። ዓይኑ በራ። «ገባኝ! ሁልጊዜ አንድ መጨመር!» አለ። «ሁልጊዜ» ከኔ አፍ አልወጣችም። ሰውዬው ግን ሄዷል።

እዚያ እንደደረስን የባጅ ማንጠልጠያ ሊቆርጥ ተነሳ። አራት ጥቅል ገመድ አለ፤ እያንዳንዱ 25 ሜትር ነው። ለአንድ ሰው 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። 2500ን ለ80 ሲያካፍል 31.25 አገኘ። «አንድ ይጨመር፤ 32! አራት ጊዜ 32፣ 128! ለሁላችንም ልክክ አለ!» ብሎ አጨበጨበ። እኔ በወረቀቴ ላይ ቀጠልኩ። 250 ውስጥ 80 ሦስት ጊዜ፤ 240። ቀሪ 10። ዜሮዋን ሳወርድ 100። አንድ ጊዜ 80። ቀሪ 20። ከየጥቅሉ 31 ሙሉ ገመድና 20 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይወጣል። ገመድ ደግሞ እንደ አውቶቡስ አይደለም፤ ያልሞላ አውቶቡስ ይሄዳል፤ ያልሞላ ገመድ ግን ጭንቅላት አያስገባም።

አራቱ ቁራጮች ለማን ደረሱ? አንዱ ለኔ። ባጄን የእጅ አንጓዬ ላይ አሰርኳት። «አራቱ ሲቀጣጠሉ 80 ይሆናሉ፤ ቢያንስ አንድ ሰው እናድናለን» አለ የሒሳብ ክፍሉ ልጅ። ቀጣጠልነው። ቋጠሮዎቹ የድርሻቸውን በሉና የሕፃን አንገት የማያስገባ ነገር ተረፈን።

ከዚያ ገመድ ጉተታ መጣ። ቡድኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ነው። 128 ለ9፣ 14 ይደርስና 2 ይቀራል። ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሁለቱን ሰዎች ሁለት ቡድን ላይ አንድ አንድ አድርጎ ይመድባል። ሁለት ቡድኖች አስር አስር ይሆናሉ፤ አለቀ። የኛ ሰው ግን ትምህርቱን አልረሳም። «አንድ ቡድን ይጨመር!» አለ። አስራ አምስተኛው ቡድን ተመሠረተ። አባላቱ እኔና ዋና ሥራ አስኪያጇ ነን።

«ምን እናድርግ?» አልኳቸው።

«አጥብቀህ ያዝ» አሉኝ ጫማቸውን እያወለቁ።

ማጥበቁን አጥብቄ ነበር። ችግሩ እሳቸውም አጥብቀዋል። ፊሽካው እንደተነፋ ሁለታችንም ገመዱን ሳንለቅ ሣሩ ላይ ተንሸራተን ዘጠኙ ሰዎች መሀል ገባን። ከዘጠኙ አንዱ ደንግጦ «ይቅርታ እትዬ!» እያለ መጎተቱን ቀጠለ። ወይ ይቅርታ ጠይቅ ወይ ጎትት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ምን አመጣው?

ሥራ አስኪያጇ ሣሩን ከልብሳቸው ሲያራግፉ ግን እየሳቁ ነበር። «ከዛሬ 100 ቀን በኋላ እንደገና እንወጣለን» ብለው ቃል ገቡ። ጭብጨባው ቀለጠ። «ቀኑ ምን ላይ ይውላል?» ብለው ጠየቁ።

አስተባባሪያችን 100ን ለ7 አካፈለ። 14.2857። ወደኔ መጣና በሹክሹክታ «ይሄኛው የሚጣል ነው የሚጨመር?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ! ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ዘረጋሁ። «ሁለቱም አይደለም። 14ቱ ሙሉ ሳምንታት ናቸው፤ ወደ ቅዳሜ ይመልሱናል። የምንፈልገው ቀሪውን ነው። ቀሪው 2። ከቅዳሜ ሁለት ቀን ቁጠር።»

«እሑድ… ሰኞ!» ብሎ ጮኸ።

«ሰኞማ የሥራ ቀን ነው» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «በቃ ይቅር።»

127 ሰው ዞሮ እኔን አየኝ።