ሎሚ የበላው እብነ በረዴ

ኩሽናዬን ያሠራሁት ባለፈው ዓመት ነው። ልኬቱም ቀጠሮውም ክፍያውም ያለ ችግር አለቀ። የሥራ ጠረጴዛውን ድንጋይ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ መረጥኩት። ነጩ እብነ በረድ ልቤን ወሰደው። «ለኩሽና ይሆናል?» ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። «ድንጋይ እኮ ነው እህቴ፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው!» አለኝ። አመንኩት።

በሦስተኛው ቀን ለሰላጣ ሎሚ ጨመቅኩ። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ደብዝዞ ቀረ። እድፍ መሰለኝ። በሳሙና አሸሁት፤ እምቢ አለ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አቼቶ አፍስሺበት፣ ሁሉን ያነሳል» አለኝ። ግማሽ ጠርሙስ አፍስሼ ሩብ ሰዓት ተውኩት። ቀጭን አረፋ ሲያወጣ አይቼ እድፉ ለቀቀልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እየለቀቀ የነበረው ድንጋዩ ራሱ ነው! ስጠርገው መስታወት ይመስል የነበረው ገጽ እንደ ጠመኔ ሻክሯል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሻጩም፣ ሳላጣራ ባመንኩት በራሴም እናደዳለሁ።

እብነ በረድ ድሮ የኖራ ድንጋይ ነበር። የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ባሕር ውስጥ ከዛጎል ቅሪት ተጠራቅሞ የጠጠረ ነው። ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከምታዩት ንብርብር አንዱ እሱ ነው። ይህ ድንጋይ ምድር ውስጥ ጠልቆ ሙቀትና ግፊት ሲያገኘው፣ ሳይቀልጥ ቅንጣቶቹ እንደ ስኳር ሆነው እንደ አዲስ ይያያዛሉ። የቤኒሻንጉሉ የዳለቲ እብነ በረድም እንዲህ ነው የተወለደው። መልኩ ተለወጠ እንጂ በአብዛኛው ያው የኖራ ድንጋይ ውህድ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ እንደ ሎሚና አቼቶ ያለ አሲድ ያሟሟዋል። ግራናይት ግን ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። ውስጡ ያሉትን ኳርትዝና ፌልድስፓር የተባሉ ማዕድናት ሎሚ አይደፍራቸውም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ለምኑ። ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ 10 ደቂቃ ቆዩ፣ ጠርጋችሁ ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። ጀርባውን በቢላ ጫሩት። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው በሞስ የጥንካሬ መለኪያ የእብነ በረድ ማዕድን ካልሳይት 3 ነው፤ ኳርትዝ 7 ነው። ቢላ የመጀመሪያውን ይጭራል፣ ሁለተኛውን አይችለውም። ስሙንና ቀለሙን አትመኑ።

ሻጮች «ማሸጊያ ቅባት ከተቀባ አያሳስብም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቅባቱ ዘይትና ቡና እንዳይሰርግ ይረዳል፤ ሎሚን ግን አያቆምም።

ባለሙያ መጥቶ እንደገና ወልውሎልኛል። ምድጃው አጠገብ ያለውን ግን በግራናይት አስቀየርኩት። ነጩ ላይ አሁን የዳቦ ሊጥ ብቻ ነው የማሸው።