ያልተገለጠው ምድር

ትናንት ማታ ሲቪላይዜሽን የተባለውን የስልት ጨዋታ ስድስተኛ ክፍል እንደ አዲስ ጀመርሁና፣ ገና የመጀመሪያ ከተማዬን እንደ ቆረቆርሁ እጄን ከማውሱ አንስቼ ስክሪኑን ብቻ ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት። በከተማዬ ዙሪያ ያለው ጥቂት መሬት በቀለም ደምቋል፤ የቀረው ዓለም ግን ያረጀ ብራና በሚመስል ነገር ተሸፍኗል። የተሸፈነው ሰው ስለማይኖርበት አይደለም፤ የእኔ ሰዎች ስላልረገጡት ነው። ይህን ሽፋን ለዓመታት «ያልተገኘ ምድር» እያልሁ ስጠራው ኖሬያለሁ፤ ያልተገኘው ለማን እንደሆነ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሽፋኑ መልኩን ሲለዋውጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የመጀመሪያው ክፍል ድፍን ጥቁር ነበር፤ በ2010 በወጣው አምስተኛው ክፍል ደመና ሆነ፤ በ2016 በወጣው ስድስተኛው ደግሞ የድሮ መርከበኞችን ካርታ የሚያስታውስ ብራና። ለዓይን የሚያምረው የመጨረሻው ነው፣ ያሳሰበኝም እርሱው ነው። ጥቁሩ «አይታይም» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገርም ነበር፤ ብራናው ግን የሚያየው የማን ዓይን እንደሆነ ይነግረኛል፣ ከሩቅ በመርከብ የመጣ ሰው ዓይን ነው። የምመራው ሕዝብ ባሕር አይቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ ዓለም የሚገለጥልኝ በዚያው ብራና ላይ ነው።

ታሪኩ ከኮምፒውተር በብዙ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ካርታ ሠሪ ዣን ባቲስት ቡርጊኞን ዳንቪል በ1749 የአፍሪካን ካርታ ሲያሳትም፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት በግምትና በተረት የሞሏቸውን የአህጉሪቱን የውስጥ ክፍሎች አስተማማኝ መረጃ ስላላገኘ ባዶ ተዋቸው። እኔ ይህን እንደ ሐቀኝነት ነው የማየው፤ የማያውቀውን አላውቅም ማለት ለባለሙያ ክብሩ ነው። ጥፋቱ የመጣው በአነባበቡ ነው፤ አንዱ «አላውቅም» ብሎ የተወው ነጭ ቦታ፣ ከጊዜ በኋላ መሬት ለሚሹ ኃይሎች «ማንም የለበትም» የሚል ማስረጃ መስሎ አገለገለ። በጨዋታ ውስጥ ዕይታን መገደብም እንዲሁ የቆየ ነው። የፕሩሲያው መኮንን ጌኦርግ ፎን ራይስዊትዝ በ1824 ባቀረበው የጦር ልምምድ ጨዋታ፣ ዳኛው ለእያንዳንዱ አዛዥ የሚያሳየው የገዛ ጦሩ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ነበር። ለጦር መኮንን ተገቢ ትምህርት ነው፤ የሰውን ልጅ ሥልጣኔ ሁሉ አሳያለሁ ለሚል ጨዋታ ግን ጠባብ ዓይን ይመስለኛል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚሰማኝ በመንደሮቹ ነው። ብራናው ሲገፈፍ አልፎ አልፎ ጎጆዎች ብቅ ይላሉ። አሳሼ ሲገባባቸው ወርቅ፣ ዕውቀት፣ አንዳንዴም የከተማዬን የሕዝብ ቁጥር በአንድ የሚያሳድግ ነዋሪ ይሰጡኝና መንደሩ ከካርታው ይጠፋል። ስም የለውም፤ ነዋሪዎቹን ለማነጋገር፣ መንገድ ለመጠየቅ፣ በአጠገባቸው ለማለፍ ፈቃድ ለመለመን የሚያስችል አንድም ቁልፍ በበይነገጹ ላይ የለም። በአምስተኛው ክፍል መንደሮቹ በጥንታዊ ፍርስራሾች ተተክተው ነበር። ሰዎቹን ከካርታው ማንሳት ለእነርሱ አንደበት ከመስጠት ይልቅ የቀለለ ይመስላል፣ ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል።

መሬቱ ሁሉ ከመነሻው ቢታይ ጨዋታው እንደሚሞት አውቃለሁ፤ ከሽፋኑ ሥር ወንዝ ወይም ተራራ ሲወጣ የሚሰማኝን ደስታም ማጣት አልሻም። የምመኘው መንደሩ ሳልደርስበት ስሙ በወሬ እንዲሰማኝ፣ ነዋሪዎቹ የሚነግሩኝ መንገድ በእነርሱ ቀለም ካርታዬ ላይ እንዲሳልልኝ፣ ሲሻቸውም እንዲደብቁኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጨዋታውን ስቀጥል አሳሼን ከአንድ መንደር አጠገብ አቆምሁትና ሳላስገባው ተራዬን ደጋግሜ አሳለፍሁ። ስክሪኑ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ከታች በቀኝ ጥግ ያለው ቁልፍ ብቻ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው እንዳለኝ በየተራው ያስታውሰኝ ነበር። በመጨረሻ የሌላ መንግሥት ተዋጊ ከብራናው ወጥቶ ወደ መንደሩ ገባ፤ ጎጆዎቹም ጠፉ።