ግሱ እስኪመጣ

ስለ ታሪክ የሚደረግ የሬዲዮ ጨዋታን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጥያቄው ሳይሆን የጠያቂው «እሺ» ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል፤ አሉታውም እዚያው ግሱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። እንግዳው «ራስ እገሌ ያን ጊዜ ጎንደር...» ሲሉ ጠያቂው «አሃ፣ እሺ» ብሎ ከደረበባቸው «አልነበሩም» የምትለዋ ቃል ተውጣ ትቀራለች፤ አድማጩም ራስ እገሌን ጎንደር አድርሶ ቁጭ ይላል። ሁለት ድምፅ በአንድ ማይክ ከተቀዳ ወዲያ መለየቱ አስቸጋሪ ነው። ራስን መነቅነቅ ይበቃል። ለየሰው ማይክ፣ ለየማይክም ለብቻው የሚቀዳ መስመር (ትራክ) ካለ ግማሹ ጣጣ ይቀላል። እንግዳው ባሕር ማዶ ሆነው በስልክ ሲገቡ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ግሱ ካለቀ በኋላም በልብ ሁለት ቆጥሮ መናገር ነው።

ኤዲት ሲደረግም ነገሩ ያው ነው። «እንትን»ን ሁሉ እየለቀሙ መቁረጥ ንግግሩን ያነክሰዋል። ደግሞ ሽማግሌ «እንትን... እንትን...» ካሉ የሰው ስም ወይም የቦታ ስም እየፈለጉ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የጨዋታው ምርጥ ነገር ነው። እኔ የግድ መቁረጥ ካለብኝ መግቢያውን እቆርጣለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዘመን ነው። ከውጭ መጽሐፍ የተገኘን ዓመት በጅምላ 8 ቀንሶ ማንበብ የተለመደ ስሕተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ጥር ከገባ በኋላ ነው። ንጉሡ የወረዱት በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን 1974 ነው። 8 የቀነሰ ሰው 1966 ይላል፤ ትክክሉ ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። አብዮቱ የፈነዳው በ66 ስለሆነ ስሕተቱ እውነት መስሎ ያልፋል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ቀንም ያታልላል፦ የካቲት 23 ዛሬ ከፈረንጆቹ መጋቢት 2 ጋር ይገጥማል፤ የዓድዋ ጦርነት ዕለት ግን መጋቢት 1 ነበር። እኛ ጳጉሜን 6 እንደምናደርገው ፈረንጆቹም በየአራት ዓመቱ የሚጨምሩትን ቀን በእነሱ 1900 ላይ ሳይጨምሩ ስላለፉ አንድ ቀን ተንሸራቷል። ሰዓቱም አይረሳ፤ «ንጋት 5 ሰዓት» የሚል የውጭ ጽሑፍ በእኛ ከሌሊቱ 11 ነው።

አዛውንትን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ ማፋጠጥ ለግምት መጋበዝ ነው። «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው?»፣ «ከ77ቱ ድርቅ በፊት?»፣ «ያን ጊዜ እርስዎ አግብተዋል?» ብሎ ማስጠጋት ይሻላል። ዓመቱን ጠያቂው ቤቱ ገብቶ ያሰላል።

ስለ ማይኩ ብዙ የሚባል የለም፦ ከአፍ አንድ ስንዝር ራቅ፣ ከአፍ ፊት ትንሽ ወደ ጎን። አለዚያ «ፖለቲካ»ና «ፓርላማ» ባሉ ቁጥር ነፋሱ ማይኩን ይመታል። ቤት ሄዶ ለሚቀዳ ግን ፍሪጁ ይነቀል፤ ጆሮ ይለምደዋል እንጂ ማይክ አይለምደውም። ከፍሪጁም የባሰው ቁርጥራጭ ሲገጣጠም የሚፈጠረው የጸጥታ ልዩነት ነው። ለመሙያ እንዲሆን ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ብቻ 30 ሰከንድ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ይህም ቡናው ቀርቦ ሲኒ መንኳኳት ሳይጀምር።