ሜንዶታ ሐይቅ፦ ነባሩና መጤው በአንድ ውሃ

ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ድረስ የሄድኩት ሜንዶታ ሐይቅን ለማየት ነው። ይህን ውሃ ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲለኩት ኖረዋል፤ ስለዚህ ምን እንደተለወጠ በማስረጃ ማወቅ ይቻላል።

ከአንዲት ተመራማሪ ጋር በጀልባ ወደ መሃል ወጣን። ዓይኑ ደቃቅ የሆነ መረብ ወደ ጥልቁ ሰደደችና ቀስ አድርጋ ሳበችው። መረቡ ጫፍ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ ዘለል ዘለል የሚሉ ነቁጦች ይተራመሳሉ። ነባሮቹ ዳፍኒያ የሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ናቸው። አልጌ፣ ማለትም ውሃውን የሚያደፈርሱትን ደቃቅ አረንጓዴ ነገሮች፣ እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። ከመሃላቸው ግን አንዱ ለየት ይላል፤ ከኋላው ረጅም ቀጥ ያለ እሾህ ይጎትታል፣ ከነእሾሁ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ባይቶትሬፊስ ይባላል። ዳፍኒያ እየያዘ ይበላል፤ ትንንሽ ዓሦች ደግሞ እሾሁ ስለሚያስቸግራቸው እሱን መዋጥ ይከብዳቸዋል።

የመጣው ከአውሮፓና ከእስያ ነው። መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ የሚሞሉትን ውሃ ሲደፉ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። ሜንዶታ ላይ የተገኘው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

የገረመኝ ሁለቱ አሁንም አንድ ውሃ ውስጥ መኖራቸው ነው። ግን እንዴት እንደሚኖሩ ስትሰሙ ያሳዝናል። ትልቁ ዳፍኒያ፣ ፑሊካሪያ የሚባለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ሲከፈት በብዛት ተራብቶ አልጌውን ይጨርስ ነበር። መጤው የሚበረታው ደግሞ የሙቀቱ ወራት ሊያልቁ ሲሉ ነው፣ ያኔ ለቀጣዩ ዓመት መነሻ የሚሆኑትን ዳፍኒያዎች ገና ብርዱ ሳይገባ ይበላቸዋል። አነስ ያለው ዳፍኒያ ሜንዶቴ ከሱ ማምለጥ ስለሚችል በቦታው በዝቷል፤ አልጌ በመብላት ግን የትልቁን ያህል አይደለም።

ሴኪ ዲስክ የሚባል ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ አወረድን። ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት የውሃው ጥራት መለኪያ ነው። መጤው ከገባ ወዲህ ሜንዶታ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ጥራት አጥቷል። አንድ ሜትር ቀላል ይመስላል፣ አይደለም! ይህን ጥራት በሌላ መንገድ ለመመለስ ወደ ሐይቁ የሚገባውን፣ አልጌን የሚመግበውን ፎስፈረስ 71 በመቶ መቀነስ እንደሚያስፈልግ ተሰልቷል፤ ወጪውም ከ86.5 እስከ 163 ሚሊዮን ዶላር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ያንን ሥራ ዳፍኒያዎቹ በነፃ ይሠሩት ነበር።

የመጤው እንቁላል የዓሣ ሆድ ውስጥ አልፎ እንኳ ይፈለፈላል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አንዴ ከገባ በኋላ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም፤ የሚቻለው ወደ ሌላ ሐይቅ እንዳይሻገር መከልከል ነው። ለዚህ ነው ዳርቻው ስንደርስ ተመራማሪዋ ከጀልባው ውሃውን በሙሉ ያፈሰሰችው፣ ገመዱንና መረቡንም አጥባ ለማድረቅ የዘረጋችው። በቀጣዩ ቀን የምትሠራው ባይቶትሬፊስ ያልገባበት ሐይቅ ላይ ነበር።