ከክብረ ወሰኑ በኋላ ያሉት ሰዓታት

ሰሞኑን ስለ ሶላር ፓነል ሳስብ የሚያሳስበኝ ብቃቱ ሳይሆን ዕድሜው ነው። በእርግጥ ብቃቱም ያስደስተኛል። በ1954 እ.ኤ.አ. የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ያሳዩት የሲሊከን ሴል (ፓነል የሚገነባበት፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል) ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ፓነል 20 በመቶን ተሻግሯል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ እያለ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ፓነል በጠራራ ፀሐይ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሲሊከን ደግሞ ሙቀት ያደክመዋል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ ከኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያጣል። ሲደመር ከአሥር በመቶ በላይ ነው።

ስለዚህ ፓነልን አሠቃይተው የሚፈትሹትን ሰዎች ሥራ እጅግ አከብራለሁ። 85 ዲግሪ ሙቀትና 85 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ 1,000 ሰዓት ያቆዩታል፤ እርጥበቱ በጠርዝ በኩል ሰርጎ ብረቱን ይበላው እንደሆነ ለማየት። ከዜሮ በታች 40 እና ከዜሮ በላይ 85 ዲግሪ መካከል 200 ጊዜ ያመላልሱታል። መስተዋቱ፣ ሲሊከኑና መዳቡ እኩል ስለማይለጠጡና እኩል ስለማይኮማተሩ፣ ደካማ ብየዳ ካለ እዚህ ላይ ይሰነጠቃል።

ከሁሉም የሚማርከኝ ግን ጉዳቱ የሚታይበት መንገድ ነው። ፓነሉን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ብርሃን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ የኖረው ሴል ያን ጊዜ ራሱ ብርሃን ይረጫል፤ ዓይናችን ባያየውም ልዩ ካሜራ ያነሣዋል። ከውጭ ምንም እንከን የሌለበት የሚመስለው ሴል ውስጥ የተሸሸገው ስንጥቅ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ምስል ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

አሁን የሁሉም ዓይን ፔሮቭስካይት በተባለ አዲስ የሶላር ሴል ቁስ ላይ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ብቃቱ 3.8 በመቶ ላይ የነበረው ይህ ቁስ በሲሊከን ላይ ተደርቦ በቤተ ሙከራ ከ34 በመቶ በላይ ደርሷል፤ ሲሊከን ለብቻው በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ29 በመቶ ብዙም አያልፍም። ፔሮቭስካይትን ግን እርጥበትና ሙቀት ቶሎ ይጎዱታል። የፍተሻ ክፍሉን ማለፉም ቢሆን ቀድሞ የሚበላሸውን ይለያል እንጂ ለ25 ዓመት ዋስትና አይሆንም፤ ደጅ ላይ፣ በዝናብና በአቧራ፣ ዓመታት መቆየት አለበት። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ አዲስ የብቃት ክብረ ወሰን ጎን አንድ ቁጥር እንዲጨመር እመኛለሁ፦ ያ ሴል ከስንት ሺህ ሰዓት በኋላ ምን ያህል ኃይል እንደቀረው።